እጁ የሚፈታው ጎንደር ሲደርስ ነው

እማዬ፣ የዛሬን ብቻ እመኚኝ። ባለፈው ስለ ኑሮዬ የነገርኩሽን «ጠግባ ነው» ብለሽ ተውሽው፣ ይሁን፣ አሁን ግን እመኚኝና ትርንጎን ለማንም ቃል እንዳትሰጪባት። ሰላምታ ሳላስቀድም ዘው ያልኩት ፈርቼ ነው። እንደምን አለሽ እናቴ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ የአባባስ ሳል ለቀቃቸው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ልጄም ድክ ድክ ይላል።

ይችን የሚያደርሱልሽ ጎረቤቴ እማማ እማዋይሽ ናቸው፣ ለእህታቸው ለቅሶ ነው የሚመጡ። ሌላ ሰው እንዳታስነብቢ፣ ራሷ ትርንጎ ታንብብልሽ፣ እህቴ ትስማው።

አርብ ለት በስልክ ምን አልሽኝ? «ከናንተ ከእስራኤል፣ ከቤርሼባ የመጣው አያልነህ በኮንትራት መኪና ነው የሚዞር፣ ላባትሽ ሙሉ ልብስ ገዛ፣ ለሠፈሩ ሙክት ጣለ፣ ለትርንጎ ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ እንዲህ ያለ ቸር ከየት ይገኛል?» አልሽኝ። እኔም «ደግ ነው» አልኩሽ።

እማዬ፣ ያ ቸር እዚህ ሽኩና ጊሜል በሚሉት ሠፈራችን የሚተኛው እኔ ሳሎን ነው። ቤት የለውም። ሻዬ ላይ ስኳር ስጨምር «ቀስ በይ፣ ጎንደር መሰለሽ?» ይለኛል፣ በኔ ስኳር! እዚያ ሙክት የሚጥል ብር እዚህ ገበያ ወርደሽ ዶሮና ቲማቲም ይዘሽ መመለሻ ነው። ውሃው በገንዘብ፣ መብራቱ በገንዘብ፣ የምትወጪበት ደረጃ እንኳ በገንዘብ ነው የሚጠረግ። ገላዬን ስታጠብ ባሌ ይርዳው በሩን እየደበደበ «ይበቃሻል፣ ሙቅ ውሃውን ዝጊ!» ይላል። እዚያ ሲጎድልሽ ጎረቤት በሳህን ይሰጥሻል፣ እዚህ የሚሰጥሽ ባንክ ነው፣ ባንክ ደግሞ ረስቶ አያውቅም።

አያልነህ የሚረጨው ብር የባንክ ነው፣ ዋሱም የኔው ይርዳው። ይርዳውስ እኔን ሲያገባ እንዲሁ አልነበር? በግ አረደ፣ እልል አላችሁ፣ እኔም እልል አልኩ። ያንን በግ የሰው ፎቅ እየጠረግሁ ገና እየከፈልኩ ነው። አያልነህ ሊሄድ ሲል ሳህን ሳጥብ ሰማኋቸው። «ትምጣ እንጂ ሠርታ ትከፍላለች» አለ። ይርዳው ሳቀና «መጀመሪያ ፓስፖርቷን ያዝ» አለው። የኔም ፓስፖርት እሱ ጋ ነው።

እናንተ የሙሽራን ዘር እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ፣ ዕዳውን የሚቆጥር ሽማግሌ ግን የለም። ቢሆንም ስለ ዕዳው አፍሽን እንዳትከፍቺ፣ ማን እንደነገረሽ ያውቃሉ። ይልቅ ሽማግሌው ሲመጣ አብሉት፣ አጠጡት፣ ከዚያ አባባ ዘር ይቁጠሩና «ስድስተኛው ላይ ተገናኘን፣ ወንድሟ ነው፣ ነውር ነው» ይበሉ። በዚህ የሚቆጣ የለም፣ አያልነህም አያፍር፣ ይርዳውም ከኔ አያየው። አባባ መዋሸት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን በያቸው። እኔ ቆርጫለሁ፣ እሷ እዚህ ወለል አትጠርግም። እዚያው ትማር።

ለኔ አታልቅሽ። ያገሩን ቋንቋ እየለመድኩ ነው፣ ከልጄ ጋር ለብቻችን የምናድርበትንም ቤት እየፈለግሁ ነው፣ ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ የአባባን ደረት ያድንልኝ፣ ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው።

ይችን እንደሰማሽ ከሱቁ ሄደሽ ደውይልኝ፣ አባባ እሺ ማለታቸውን ብቻ ንገሪኝ። ይርዳው ከፋብሪካ የሚገባ ሲመሽ ነው። ከገባ ጆሮውን ከጆሮዬ አስጠግቶ ነው የሚሰማ፣ ያኔ «አያልነህ ደግ ነው፣ ስጡት» ነው የምልሽ። እባክሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደውይ።

ትልቋ ልጅሽ