ኮባ ላይ የረጋ ቸኮሌት

ጥር 6፣ ጠዋት
አናናሱ ዛሬም አልደረቀም። ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ አገላበጥኩት፤ ዝንቦቹ ከእኔ ቀድመው ቀምሰውታል። ደብተሬ፣ አትሳቂብኝ። የዲላው ሬዲዮ ጠጋኝ ቸኮሌት ሊሠራ ነው።

ብሩክ፣ የእህቴ ልጅ፣ ኮርኒስ ውስጥ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ጀምሮ። የባለሱቁ የሐጂ ሸምሱ ሾፌር ወደ ሞያሌ ሲወርድ ይወስደዋል፤ ከዚያ በእግሩ ድንበር ይሻገራል። ስንቅ ያስፈልገዋል። እህቴ አልማዝ በሶ ላዘጋጅ አለች። ከለከልኳት። እዚህ ሰፈር ገብስ ሲቆላ ሁሉም ማን ሊሄድ ነው ብሎ ይጠይቃል። ቸኮሌትን ግን ማን ያውቀዋል? ማን ይጠረጥራል? አንቺም ደብተሬ፣ አፍሽን ዝጊ።

ጥር 8፣ 10 ሰዓት
ካካዎ ከሐጂ ሱቅ፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የከረመ ጣሳ። የጣሳውን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት ፈታሁት። ስኳር የቀበሌ፣ የሁላችንም ድርሻ። ለውዝ ቆላሁ። ዘቢብ አለ። ለጋ ቅቤ ጠፋ፤ የአልማዝን ንጥር ቅቤ ገለበጥኩበት። ኮሰረት እንዳለበት ረስቼ! ቤቱ በሙሉ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል። ከካካዎውና ከስኳሩ ጋር አቅልጬ ኮባ ላይ አፍስሼ ለውዙን፣ ዘቢቡን፣ አናናሱን በተንኩበት። ብሩክ ከላይ በሳቅ ሊሞት ነው። «ጋሼ፣ እንጀራ አብረህ ላክ!» ይላል። ዝም በል አልኩት፣ እኔም እየሳቅኩ።

ጥር 8፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት
ሽታው ጓድ ደምሴን አመጣው። ጎረቤታችን፣ የቀበሌ ጥበቃ። ምንድን ነው አለ። የጫማ ቀለም ነው ብዬ ቀለድኩ። ቆርሼም ሰጠሁት፤ መደበቅ ያስጠረጥራል። አላመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ጋሽ ወርቁ፣ ይሄማ ለመንገደኛ ነው፤ አይበላሽም» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከኮርኒሱ ትንፋሽም አይሰማ።

ጥር 9
አልማዝን ወሰዷት። ልጇ እስኪቀርብ ቀበሌ ጽ/ቤት ትቆያለች አሉ። ደምሴ ተናግሮ ይሁን፣ ተራዋ ደርሶ፣ አላውቅም። የሌሎች እናቶችም እዚያው ናቸው። የሐጂ መኪና ነገ ወደ ሞያሌ ይወርዳል። ብሩክን ሂድ አልኩት፤ እናትህን እኔ አስፈታታለሁ። በምን? አለኝ።

ከኮርኒሱ ወረደ። ፊቱን ታጠበ። የእኔን ጫማ አደረገ።

ጥር 10
እሱ ቀበሌ ገባ፣ እሷ ወጣች። በሩ ላይ ተላለፉ፤ መተቃቀፍ ተከለከለ። ቸኮሌቱን በኮባ ጠቅልዬ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበልኩት። አሸተተው። «ጋሼ፣ ይሄን ይዤ ግንባር ብገባ ጠላት ለምሳ ይመጣል» አለ። አጠገቡ ያሉት ልጆች ሳቁ። እዚያው ቆራርሶ አካፈላቸው። ለሞያሌ መንገድ የሠራሁት ስንቅ ይርጋለም እንኳ አይደርስም።

ጥር 13
ልጆቹን የጫኑት መኪናዎች ወደ ሰሜን ሄዱ። የት እንደሆነ የሚነግረን የለም። አልማዝ አትበላም። ቀለድኩ፤ ግድግዳውን አየች። ማታ የካካዎውን ጣሳ አንስታ ነቀነቀችው። ቀርቷል? አለች። ጥቂት አልኳት። ሥራለት እንግዲህ አለች። ወዴት እንልካለን አላልኳትም።

ነገ አናናስ እገዛለሁ። ቅቤውም ያው ኮሰረት ያለበት ይሁን፤ ጥቅሉን ሳይፈታ የቤቱን ሽታ ይለየዋል። ባይደርሰው እንኳ፣ አልማዝ ለልጇ ስንቅ ቋጠረች ማለት ነው።