ከኒው ዮርክ የመጣው ወፍራም ፖስታ

ውድ ቬርና፣

ካረፍሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ጡረተኛ ፖስተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሳቂ፤ መብትሽ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት መንገድ ዳር ካለው የፖስታ ሳጥንሽ ፊት ቆሜያለሁ። የሳጥኑ ቀይ ባንዲራ ቀና ካለ፣ ግጥም ልከሻል ማለት ነው። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለሦስት መቶ ልጅ ድንች ስትልጪ ውለሽ፣ እጅሽ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ የጻፍሽውን ለመጽሔቶች ትልኪ ነበር። መመለሻውንም ፖስታ አድራሻሽን ጽፈሽ፣ ቴምብር ለጥፈሽ አብረሽ ታሽጊያለሽ። ወፍሮ ከመጣ ግጥሞቹን መልሰውልሻል፤ ቀጭን ከሆነ አስቀርተዋቸዋል፣ ወደዋቸዋል ማለት ነው። እኔ ሳልከፍት በጣቴ አውቀው ነበር።

«ዴልማር፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ እምቢታ ጭነህልኝ መጣህ?»

«ሁለት ብቻ። ገበያው ቀዝቅዟል።»

«ተው እንጂ! ጎረቤት ምን ይለኛል?»

እናትሽን በቀበርን ማግስት ከኒው ዮርክ እንደ ጡብ የወፈረ ፖስታ መጣ። ለዓመታት የደከምሽበትን መጽሐፍ እዚያ ላለ አሳታሚ እንደላክሽ አውቃለሁ። ሐዘንሽ ላይ «አይሆንም» ልጨምርብሽ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ነገ እሰጣታለሁ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ሸሸግኩት። ነገ ሌላ ነገ እየወለደ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ስሰጥሽ ደጅ ላይ ቆመሽ ከፈትሽው። አነበብሽው። የፖስታ ቤቱን ማኅተም፣ ቀኑን አየሽ። ከዚያ እኔን አየሽኝ፤ ዓይንሽንም ቶሎ አልነቀልሽም።

«ያው እንደልማዳቸው ነው» አልሽ። «ይልቅ ግባ፣ ሾርባ ጥጃለሁ።»

ገባሁ። ሁለት ሳህን ጠጣሁ፣ እግዜር ያሳይሽ!

መጽሐፍሽ የወጣው ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ አሳታሚ ነው። ሽልማቱም፣ ከከተማ ከተማ እየተጠሩ ማንበቡም የመጣው ጸጉርሽ ከሸበተ በኋላ ነው። ጣቶችሽ በሪህ ተቆልምመው፣ ፈርሚልን ለሚሉሽ ሁሉ መፈረም ያቅትሽ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ወረቀቶችሽን ለሕዝብ አሳየ ሲሉ ሄድኩ። ያ ፖስታ መስታወት ሥር ተቀምጧል። እምቢታ አልነበረም፣ ቬርና። ውል ነበር፤ የወፈረውም ለዚያ ነው። «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ፈርመው ካልመለሱ ቦታውን ለሌላ ገጣሚ እንሰጣለን» ይላል። ፖስታው ላይ በገዛ እጅሽ «በበረዶ ምክንያት የዘገየ» ብለሽ ጽፈሻል። ከሥሩ ያለው መግለጫም ይህንኑ ይደግማል።

በዚያ ወር በረዶ አንድም ቀን መንገድ አልዘጋብኝም። ፖስታ መደበቅ ከሥራ እንደሚያስባርር፣ እንደሚያሳስርም ታውቂ ነበር። አራት ልጆች እንደማሳድግም ታውቂ ነበር። ዕድልሽን አበላሽቼብሽ አንቺ ሾርባ አቀረብሽልኝ። እዚያው መስታወቱ ፊት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

የዐውደ ርዕዩ ኃላፊ ሴት ጠጋ አለችኝ። «አባቴ፣ ወንበር ላምጣልዎ?»

«ወንበሩ ይቆይ። ይሄ የጻፋችሁት ልክ አይደለም። ያዘገየው በረዶ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

መግለጫውን አየችና «ላስተካክለው ነው የሚሉኝ?» አለች።

«አስተካክዪው።»

ብዕር አወጣች። እንዳትሳሳት ብዬ ስሜን ፊደል በፊደል፣ ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

ፖስተኛሽ፣
ዴልማር ክቪስት