ጓሳ አልተከፈተም፣ አባባ

ውድ አባባ፣

ከተለዩን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። እማዬ ደህና ናት፤ ጋቢዎን ለብሳ ትውላለች፣ ለማንም አልሰጥም ብላለች። እኔም መሐል ሜዳ ከተማ ማስተማሬን አልተውሁም። ቤታችን ግን ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲጥል ጫጫታው አያስተኛም፤ እርስዎ ቢኖሩ ስንት ቀን ይነጫነጩ ነበር!

ጣሊያን አገር ሲያቃጥል እናትዎ አዝለውዎት የሸሹት ወደ ጓሳ ተራራ ነበር። ንጉሡ ሲወርዱ ጎልማሳ ነበሩ፣ ደርግ ሲወድቅ ፀጉርዎ ሸብቷል። ታሪክ ሠራሁ ብለው አያውቁም። ገብስ ዘሩ፣ በግ አረቡ፣ እኛን አሳደጉ።

መሬት የሕዝብ ነው የሚለው አዋጅ የወጣ ጊዜ፣ ሽማግሌ ካልፈቀደ ማንም የማያጭደውን የጓሳ ሣር አገሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ ወጣበት። እርስዎ ግን ሕዝብ ማለት እኔም ነኝ፣ እኔ ደግሞ አልፈቀድሁም ብለው እቤት ቀሩ። የጎረቤት ጣሪያ በአዲስ ሣር ሲያምር የእኛ ያፈስ ነበር። እማዬ እየተቆጣች ድስት ስትደቅን፣ እርስዎ ደረቅ ጥግ ፈልገው ዳዊት ይደግማሉ። ግትር ተባሉ። ኋላ ሣሩ ተመናምኖ ሽማግሌዎች ጓሳን መልሰው ሲዘጉት፣ ጠባቂ አድርገው የመረጡት ያንኑ ግትር ነው።

ዘንድሮ በልጉ ቀረ፣ በጎቹም ከሱ። ጓሳ ያለ ጊዜው ይከፈት የሚል ስብሰባ ተጠራ። ፈራሁ፤ በጉ የተራበበትን ሰው ምን ይሉታል? አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ያኔ አጭደው ጣሪያቸውን ካደሱት አንዱ እንደነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ለጎጇቸው እፍኝ ሣር እንዳጡ ተናገሩ። እርስዎንም በስም አነሡ። በመጨረሻ ጭድ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ተስማሙና ጓሳ እንደተዘጋ ቀረ። እንዴት እንደኮራሁብዎ!

ደግሞ በእርስዎ ቦታ ማን ይተካ ሲባል እኔን መረጡ፣ አባባ። ሴት ናት ያለም አልጠፋም፤ የማን ልጅ እንደሆነች እወቅ ብለው ዝም አሰኙት። ከዚያ ስሜን ከነአባቴ ጠሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠራበት የኖርሁት ስም ነው፤ ያን ቀን ግን አንገቴ ቀና አለ።

አልረሳዎትም ብዬ ቃል መግባት ምን ያስፈልገኛል? እኔን በሙሉ ስሜ የሚጠራ ሁሉ እርስዎንም ይጠራል። እኔም ለሁለታችን አቤት እላለሁ።

ልጅዎ