እግሬ የለመደው በር

በረኛዬ፣ እስቲ ጉዴን ስማ! በዚህ ፖስት ካርድ ላይ በምታየው ስታዲየም ዛሬ ከድሮ ክለቤ ጋር ተጫወትን። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ እግሬ በለመደው ኮሪደር ይዞኝ ሄደና መልበሻ ክፍል ገብቼ በሩ አጠገብ ያለችው ቦታዬ ላይ ቁጭ አልኩ። የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ቀና ስል ሁሉም አፍጠው ያዩኛል፤ ለካ የገባሁት የተጋጣሚዎቻችን ክፍል ነው!

ሳቁ ሲፈነዳ ያልሳቀው ድሮ ማልያዬን ያጥብልኝ የነበረው ሽማግሌ ትጥቅ ያዥ ብቻ ነው። «ተዉት፣ ክሩን ይጨርስ» አላቸው። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ እስከ እንግዶቹ በር ሸኘኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ስምንት ክለብ የዞረ ተከላካይ በር ቢሳሳት አይፈረድበትም።»

እኛ ሰፈር ሁለቱም ቡድን ልብስ የሚቀይረው እዚያው አንድ ዛፍ ስር ነበር። ማን ይሳሳታል?

ዜሮ ለዜሮ ወጣን፤ አጥቂያቸው ጎል እንዳማረው ቤቱ ገባ።

ካርዱ ሞላብኝ፣ ጽሑፌ ካነሰብህ መነጽርህን አድርግ። እናታችንን ጉልበታቸውን፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ውሌ ዘንድሮ ያልቃል፤ ሌላ አልፈርምም። ዛፉ አለ አይደል?

ያንተው ተከላካይ