ስድስት ሳምንት ሳልነሳ

ጥቅምት 28፣ ዓርብ፣ ጠዋት 2፡30

ዛሬም የበሬ እግር መረቅ። አሥረኛ ቀኑ። ሐዋ ሳህኑን አፍንጫዬ ሥር ይዛ ቆማለች፤ ካልጨረስኩ አትሄድም። በረድ ሲል ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ማንኪያ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ ያ ዝልግልግ ነገር አለ። ዋጪው የምትለኝ እሱን ነው። ጉልበትሽ ውስጥ ያለቀው ይኼው ነው፣ ስለዚህ ይኼንኑ ብይ ነው ነገሩ። የባሌ እህት ናት። እኔን ልታስታምም ብላ ቤቷን ዘግታ ከግራና ከተማ መጥታለች፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ዋጥኩት። ተመልሶ መጣ። መልሼ ዋጥኩት።

ስማ ደብተር፣ አንተም ደስ አትልም። ከችግኝ ጣቢያችን የተረፈ መዝገብ ነህ። በየገጽህ አናት ላይ «ዝርያ»፣ «የተዳቀለበት ቀን»፣ «ጸደቀ»፣ «ደረቀ» ይላል። በመስመሮቹ ላይ እያሻገርኩ ነው የምጽፍብህ። ሌላ ወረቀት ቤት ውስጥ የለም፤ ወጥቼ እንዳልገዛ እግር የለኝም።

ደግሞ ማን እንደሆንኩ እወቅ። ፋጡማ፣ መርሳ ከተማ ችግኝ ጣቢያ የማንጎ አዳቃይ፣ ቀንበጥ በግንድ ላይ የምገጥም። ክረምት ላይ የመስኖ ቦይ ስሻገር ተንሸራተትኩ፣ ጉልበቴ ተጠማዘዘ። ከዚያ ወዲህ መንበርከክ ቀረ። ሥራዬ ደግሞ ሙሉ ቀን ተንበርክኮ ነው። ሶላቴም እንደዚያው። ወንበር ላይ ሆኜ ስሰግድ ግንባሬ አየር ላይ ይቀራል፤ የሰገድኩ አይመስለኝም። ቀዶ ሕክምናውን ያስወሰነኝ ይኼ ነው። ጥቅምት 18 ወልድያ ላይ ጉልበቴ ተከፈተ።

የከፈተኝ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዶ/ር ነው። የጉልበቴን ውስጥ ሥዕል በስልኩ አሳየኝ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር። መሃሉ ላይ ጥርስ የነከሰው የመሰለ ጉድጓድ። ያ ነጩ ልም አጥንት ነው፤ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የተነጠፈ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አጥንቱን በትንንሽ ቀዳዳ በሳው። ደም ይወጣል፣ ይረጋል፣ የረጋው ደም በወራት ውስጥ ልም አጥንት መሳይ ይሆናል። ካልተነካ። ስድስት ሳምንት እግርሽ መሬት እንዳይረግጥ አለ፣ አንድ እርምጃም ቢሆን።

ስለዚህ አሁን ጉልበቴ ውስጥ የረጋ ደም ተቀምጧል። እያሰብኩት ቁርሴን በላሁ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ማታ 12፡00

ወልድያ ሄጄ መጣሁ። ስፌት ማስወጣት። ሚኒባስ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ የሁለት ሰው ቦታ ያዝኩ፤ ሲሪንቃ ላይ የገባች ሴትዮ ስታየኝ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ያየች መሰለች። ከኋላ የዶሮ ሽታ። ከፊት የናፍጣ።

ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ አየሁት፤ ባላየሁ። ቢጫ፣ ጥቁር ክር፣ የደረቀ ደም። ጭኔ ቀጥኖ የሌላ ሰው መስሏል። ክሩን ስትስበው አላመመኝም፤ ሲሳብ ግን ይሰማል። እሱ ነው የቀፈፈኝ። ቁስልሽ ያምራል አለችኝ። ምኑ?

ሁለት ሳምንት ሆነ። አራት ቀረ። አልረገጥኩም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡00

ጠያቂ በጠያቂ ላይ። ሁሉም መረቅ ይዞ ይመጣል። ሐዋ ለሰፈሩ አስተምራለች መሰለኝ። ዛሬ ሦስት ሳህን። አንደኛው ላይ ፀጉር ነበረበት፣ የበሬው።

ከመረቁ የሚብሰው መቀመጤ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ ኖር ማለት እንደ መተንፈስ ነው፤ አስቤው አላውቅም። አሁን የጎረቤት አሮጊት ይገባሉ፣ እኔ እንደ ንግሥት ተጋድሜ። ሐዋ ከበሩ ላይ ቀድማ ትነግራቸዋለች፣ አትነሳም፣ ሐኪም ከልክሏታል። እሳቸውም ኧረ እንዳትነሺ ይላሉ። ዓይናቸው ግን ትነሳ ይሆን እያለ ይጠብቃል። አይቼዋለሁ። ፊቴ ይግላል፣ ጀርባዬን ያልበኛል፣ ላቤን እጠየፋለሁ።

ደግሞ ሌላ ጉድ። ገበያው ላይ በመኪና እየዞረ በድምፅ ማጉያ የሚለፍፍ ሰውዬ ለሐዋ የዱቄት ቆርቆሮ ሸጦላታል። ስቴም ሴል፣ የተጎዳ አካል መልሶ የሚያበቅል ሕዋስ ነው ብሏታል። በወተት በጥብጦ መጠጣት፣ ጉልበት እንደ ሕፃን ጉልበት ይሆናል። ከፈትኩት። የዓሣ ሽታ፣ ላዩ ላይ ቫኒላ የተረጨበት። ዘጋሁት። ሐዋ አኮረፈች።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡15

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፉን ይቅር በለኝ።

አማቴ አባ ሙሄ፣ የባሌ አባት፣ መጡ። ከውርጌሳ፣ ሳይነግሩ፣ ዱላቸውን ይዘው። ሐዋ ወፍጮ ቤት ናት፣ በሩ ክፍት ነው። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። አሰላሙ አለይኩም ሲሉ ሰማሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ ቆሜያለሁ። በሁለት እግሬ። ኖር አባባ እያልኩ ነው። እጃቸውን ለመሳም ደግሞ ወደፊት ተራመድኩ። አንድ፣ ሁለት።

አላህ ያኑርሽ ልጄ አሉ። ተቀመጪ አሉ። ደስ አላቸው፣ ፊታቸው በራ።

ተቀመጥኩ። ውስጡ ሞቅ አለኝ፣ የፈሰሰ ነገር ያለ ይመስል። ሦስት ሳምንት ሞልቶኝ ነበር፤ ልክ እኩሌታው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ፍየሏ አወሩኝ፤ እኔ አዎ አባባ፣ አዎ አባባ። አንድም ነገር አልሰማሁም። ለመሰንበት ነው የመጡት፤ እስክትድኚ አጠገብሽ እሆናለሁ ብለውኛል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

አብጧል። በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ደጋግሜ ተጫንኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ባሌ ሰይድ ሥራ ሊሄድ ሲል እንዴት አደርሽ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ብርድ ልብሱን እስከ ሆዴ ስቤ። አባትህ ሲገቡ ተነሳሁ እንዴት ይባላል? አባቱን መክሰስ ይሆናል። ዋሸሁት። በራሴ ላይ እንትፍ ብል በወደድኩ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ አልወጣ ብሎኛል። አምና አዲስ የመጣች ሠራተኛ ነበረች። እኛ ጣቢያ የጥሩውን ማንጎ ቀንበጥ በአገሬው ግንድ ላይ ገጥመን በላስቲክ ጠፍረን እናስራለን። ከዚያ እጅ መሰብሰብ ነው። ልጅቱ ግን ያዘ አልያዘ ብላ እየዞረች ቀንበጡን ወዝወዝ ታደርግ ነበር። አንድ መደብ ሙሉ አደረቀችብኝ። ሰው ፊት አስለቀስኳት። ዓይን የለሽም፣ ላስቲኩን አታዪም፣ የታሰረ ነገር ይነካል ወይ እያልኩ። ያን አፌን ዛሬ ማን በሰጠኝ።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከሰዓት 8፡00

እስካሁን አራት ጊዜ። በክራንች፣ በአንድ እግሬ ልነሳ እያልኩ እዘጋጃለሁ፤ እሳቸው ሲገቡ ግን ገላዬ ይቀድመኛል። ክራንቹ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ ይቀራል። ገላዬን ጠላሁት። ሥጋ ብቻ አይደለም ለካ፣ ተገርቷል፣ እንደ በቅሎ።

ሐዋ ዛሬ እየሳቀች ነገረችኝ። አባ ሙሄ መስጊድ ውስጥ ስለኔ አውርተዋል። የሰይድ ሚስት እኮ፣ በቢላ ተቀድዳ እንኳ፣ አጥንቷ ተበስቶ እንኳ እኔን ስታይ ብድግ ትላለች፤ የዛሬ ልጆች ከሷ ይማሩ። ሽማግሌው ሁሉ መርቆኛል አሉ። ጎረቤቶች ሲገቡ በአድናቆት ነው የሚያዩኝ።

አሁን እንዴት ልቀመጥ? ምስጋናው ከመረቁ ይብስ ያቅለሸልሻል፤ መረቁን ቢያንስ ማስታወክ ይቻላል። ሐዋም ሰይድም በክራንች፣ በአንድ እግሬ የምነሳ ይመስላቸዋል፤ እብጠቱን በሻሽ ጠቅልዬ ደብቄያለሁ። ጉልበቴን ለማጥፋት ሰፈሩ ሁሉ እየመረቀኝ ነው፣ እኔም አሜን እላለሁ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ማታ 1፡00

ወልድያ። ዶ/ር የመጣበት ቀን። ሐዋ አብራኝ ሄደች፣ ቆርቆሮዋን በፌስታል ይዛ።

ሻሹን ፈታው። እብጠቱን በአውራ ጣቱ ተጫነው። መርፌ አመጣ፤ ወፍራም። ከጎን ገባ፣ ሲሪንጁ እየሞላ ሄደ። የቀይ ሥር ውሃ የሚመስል ነገር፣ ሁለት ጊዜ ቀይሮ ቀዳው። ውስጡ ቁርጥራጭ ይዋኝ ነበር። ያ ይሆን? ያ ልም አጥንት ሊሆን የነበረው? ሐዋ ፊቷን አዞረች። እኔ አላዞርኩም፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ረግጠሻል? አለኝ። አዎ። ወድቀሽ ነው? አይ፤ አማቴ ሲገቡ ተነስቼ። ስንት ጊዜ? አራት ቀን ቢሆነኝ ኖሮ እዋሽ ነበር፤ ሳምንት ሆኖኛል፣ ዋሽቼ ደክሞኛል። ስድስት አልኩ። ሐዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አልተቆጣም። ያኔ የሰጠኝን የመመሪያ ወረቀት ጠየቀኝ፣ ከቦርሳዬ አወጣሁለት። አትራመጂ፣ አትቀመጪ ቁጢጥ ብለሽ፣ ደረጃ አትውጪ ይላል። አየው አየውና ይኼ እኔ ሳልጽፈው የቀረ ነው አለ። ከታች በእጁ ጨመረበት፦ «ለማንም አትነሺ።»

የረጋው ደም ተነቅሎ ይሁን አይሁን ዛሬ አይታወቅም፤ ከወራት በኋላ ደሴ ኤምአርአይ ተነስቼ ነው የሚታየው። ስድስቱ ሳምንት ከዛሬ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ካልያዘ እንደገና ይከፈታል፤ ያም ካልያዘ መንበርከክ የሚባል ነገር እርሺ አለኝ። እንዲህ ቀጥ አድርጎ። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፣ ንፍጤ አፌ ውስጥ እስኪገባ።

ሐዋ ቆርቆሮውን አወጣች። ዶ/ር አሸተተው፣ እሱም ተጸየፈ፤ ለዚያ ወደድኩት። እውነተኛው በቆርቆሮ አይመጣም አላት። ከታማሚው ከራሱ ጉልበት ቁንጣሪ ልም አጥንት ይወሰዳል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ለሳምንታት እንዲራባ ይደረጋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተከላል። እሱም ቢሆን ሁሉንም ሰው አያድንም፣ ገና እየተመራመሩበት ነው፣ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ሲተክሉትስ አልኩት፣ ከዚያ በኋላ መርገጥ ይቻላል? አይቻልም፤ እሱም እንዳይነካ ነው አለ። የትም ብሄድ ያው ነው። እጅ መሰብሰብ።

መንገድ ላይ ሐዋ ቆርቆሮውን በመስኮት ወረወረችው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ማታ 2፡30

ወስኛለሁ። ወስኜም አደረግኩት።

አባ ሙሄ ከዐሱር ሶላት ሲመለሱ የዱላቸውን ድምፅ ከግቢው ሰማሁ። የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ። ገቡ። ኖር አባባ አልኩ፣ ተቀምጬ። በሩ ላይ ቆሙ። ጠበቁ። እግሬ ሊነሳ ተሟገተ፤ አልለቀቅኩም።

«አባባ፣ ይማሩኝ፣ ከእንግዲህ አልነሳልዎትም። ስነሳልዎት ጉልበቴ ተበላሸ።»

እግሬን አዩት፣ አጠገቤ ያለውን የሐኪሙን ወረቀት አዩት፣ ማንበብ አይችሉም። ጫማቸውን መልሰው አጠለቁና ወጡ። እራት አልበሉም፤ ጎረቤት ዘንድ ነው የሚያድሩት አሉ። ሰይድ ሁሉን ሰምቶ አንድ ቃል ብቻ ተናገረኝ፣ ለምን ደበቅሽኝ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከልጁ ቤት አስወጣሁ። ራሴን ተጸየፍኩ፤ ግን ቢመለሱም አልነሳም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡00

ከጁምዓ በኋላ። ውርጌሳ ሄደዋል ብዬ ነበር። ከበሩ ውጭ መሬት የሚፍቅ ነገር ሰማሁ። አባ ሙሄ በርጩማ እየጎተቱ። ከደፉ ወዲያ አስቀመጡት፣ ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው ተቀመጡበት። ሐዋ ሮጣ ግቡ እንጂ ግቡ እንጂ ትላለች።

«አልገባም። ካልገባሁ እሷም አትነሳም።»

ከዚያ ዞር ሳይሉ ለኔ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ መስጊድ ያወራሁትን ዛሬ መልሼ አወራሁት። የልጄን ጉልበት እኔ ነኝ ያበላሸሁት አልኳቸው። የሚጠይቃት ሁሉ ከደጅ ሆኖ ይጠይቃት ብያለሁ።

አላህ ያኑርዎት አባባ አልኩ። ደግሞ ንፍጥ። ደግሞ እንባ። ሐዋ ነገሩን ለማለዘብ መረቅ ይዛ ስትመጣ አባ ሙሄ ወዲህ በይው አሏት። ጎንጨት አሉ። ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ትከሻቸው ሲሰበሰብ አየሁ። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ይኼን በየቀኑ ትጠጪያለሽ? አሉኝ። አዎ አባባ። የቀረውን ቀስ ብለው ግቢው ላይ ደፉት። ከዛሬ ጀምሮ መረቅ ቀርቷል።

አሁንም እዚያው ናቸው። የሸበተ ማጅራት፣ ላብ ያረጠበው ኮፍያ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንዲህ ሊቀመጡ ነው? ይመስላል።

ስማ ደብተር፣ ዛሬ በመስመርህ ልጻፍ። የተዳቀለበት ቀን፦ ኅዳር 17፣ እንደ አዲስ። ጸደቀ የሚለውን አልነካውም።