ሁልጊዜ መቶ ሃያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን
ከልብስ ንጽህና ቤቱ፣ ከምሳ በኋላ

የኔ ዓለም፣ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ይህን ደብዳቤ የምልክልሽ ኢንሱሊንሽን በሚያመጣልሽ በአጎትሽ አውቶቡስ ነው። ስልክ ስደውል አታነሺም። መድኃኒቱን ግን መክፈትሽ ስለማይቀር፣ ወረቀቱን ከበረዶው ከረጢት ጎን ሸጉጬዋለሁ። ከረጠበ ተኩሰሽ አንብቢው፤ የተኳሽ ልጅ አይደለሽ!

እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ፣ ግራ ገብቶናል።

ባለፈው ሐሙስ ከአንቺ መልእክት መጣ። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። አባትሽ መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ አውልቆም አነበበው። «ምን አግኝተን ነው?» አለኝ። ፈተና አልፋ ይሆናል አልኩት። «ፈተና ብታልፍ ደስ የሚላት እሷ ናት። እኛን እንዲህ የምትለን አግብታ ቢሆን ነው» ብሎ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «አንድ ቃል ሳታማክረኝ!» አይለኝም? ከዚያ ስለ ልጁ ተጨቃጨቅን። እሱ ነጋዴ ነው አለ፤ እኔ አስተማሪ። በሌለ አማች ተኳርፈን አደርን።

ስንደውል አታነሺም። በማግስቱም አታነሺም። ያኔ ክፍል የምትጋሪያት ሳቂታዋ ጓደኛሽ ዘንድ ደወልኩ። ስታነሳ አልሳቀችም።

«እናቷ ነኝ። ልጄ አገባች እንዴ?»

«ኧረ ማዘር! ምን አገባች ይሉኛል፤ አኩርፋባችሁ ነው እንጂ።»

«ምን አድርገናት?»

«አባቷ ጋ ደውዬ ስኳሯ ወርዷል ብላቸው፣ እሰይ አሉኝ እኮ!»

እኔ አሁንም አልገባኝም። እሰይ ማለት ምን ነውር አለው? እውነቴን ነው የምልሽ፣ ረቡዕ ማታ አባትሽ «ስኳሯ ወርዷል አሉ» ብሎ እየሳቀ ሲገባ፣ እኔም ተመስገን ብዬ ነበር።

እስቲ አስቢው ልጄ። ከታመምሽ ጀምሮ በቤታችን «ወጣ» መርዶ ነው፣ «ወረደ» ብሥራት ነው። ሐኪሙ ይውረድ፣ ነርሷ ይውረድ፣ እኛም ጧት ማታ ይውረድ ይውረድ። ከልክ በላይ ከወረደም ክፉ ነው ብለውን ነበር። ግን አንቺ ጋ ሲወጣ እንጂ እንዲያ ሲወርድ ስላላየነው፣ በአንድ ጆሯችን ገብቶ በሌላው ወጣ።

አባትሽን ጠየቅኩት። ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እየቀረጸ ነበር። ማሽኑ ይጮሃል፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞታል። የማያውቃት ልጅ «ስኳሯ ወርዷል!» ትለዋለች። «እሰይ! እሰይ! በርቺ በያት!» ብሎ ዘጋው። ቁልፉን ሲጠብቅ ለነበረው ሰውዬ ደስታውን ነግሮ በነጻ ሰጠው። ቁልፉም አልከፈተም፤ ሰውዬው በማግስቱ መልሶ አመጣው።

ጓደኛሽ የቀረውን ነገረችኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ላብ አጥምቆሽ፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ፣ በማያስቀው ትስቂ ነበር አለችኝ። ስሟ ጠፍቶብሽ ትሰድቢያት ነበር። ሲወርድብሽ ጣፋጭ እንድታጠጣሽ አንቺው አስተምረሻታል፤ እርግጠኛ ለመሆን ብላ ነው የደወለችው። «እሰይ ሲሉኝ ጊዜ፣ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ» አለችኝ። ቀጥሎ ነው ኪዮስክ ሮጣ ለስላሳ ያመጣችልሽ፣ አንገትሽን ደግፋ ያጠጣችሽ። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ያልሽን ለካ ለዚያ እሰይ ነው።

«ትንሽ» ያለችው ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ለምን ወረደባት ብላት፣ የሐኪም ቀጠሮሽ ስለቀረበ ነው አለችኝ። ራት እየተውሽ መርፌውን ግን ጨምረሽ ትወጊ ነበር። «ማሽኗ ላይ መቶ ሃያ ማየት ፈልጋ ነው» አለች።

መቶ ሃያ!

ቤት ሳለሽ መለኪያው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጥቶን አያውቅም። ለትምህርት ከሄድሽ ወዲህ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር «ስንት ነው?» ስንልሽ «መቶ ሃያ!»። አባትሽ እንዲያ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም። ሰፈሩን ሁሉ አስተማረው፤ እንዴት ዋልክ ሲሉት «መቶ ሃያ!» ነው መልሱ። እኔ ደግሞ ቁጥሩን እንደሰማሁ፣ ሌላ እንዳልጠይቅሽ ድስት አረረብኝ ብዬ ስልኩን ለእሱ አቀብል ነበር። ዘንድሮ ብዙ ድስት አርሮብኛል።

ትናንት ከሥራ አስፈቅጄ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሮ መርፌ አወጋግ ያሳየችሽ ረጅሟ ነርስ አሁንም አለች። ሁሉን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ያ ነው የባሰው።

«እናት፣ ስትደውሉላት መጀመሪያ ምን ትሏታላችሁ?»

«ስንት ነው? እንላታለን።»

«እንደ ቲማቲም?» አለችኝ። «ስንት ነው ብሎ የሚጀምር ገዢ የሚፈልገው ዋጋ አለው። ልጅቷም የምትፈልጉትን ዋጋ ጠራችላችሁ።»

በአንቺ ዕድሜ ቁጥሩ እንደ ልጅ ይዘላል አለችኝ። ሰውነት ገና እያደገ ነው፤ ፈተና አለ፣ ንዴት አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ የወር አበባም አለ። ሁልጊዜ መቶ ሃያ የሚሆን ሰው የለም አለች። ሦስት መቶ ብትላችሁ አትቆጧት፤ አብራችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። ከሰባ በታች ካለች ግን ጥያቄው ይቆይ፤ መጀመሪያ ጣፋጭ ትጠጣ። ራሷን ከሳተች ደግሞ በአፏ ምንም ሳይሰጣት ቶሎ ወደ ሐኪም ትወሰድ አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሦስት መቶ ሰምቼ እንዴት አልጮህም? ደግሞስ ወረደ ስትዪኝ ልደሰት ነው ልደንግጥ? ላዩ እሳት፣ ታቹ ገደል፤ አንቺ በዚያ መሃል በየቀኑ ትሄጃለሽ፣ እኛ ዳር ቆመን እናጨበጭባለን። ነርሷ ስታስረዳኝ እሺ እሺ አልኩ። ደጅ ስወጣ ግማሹ ጠፋኝ። መልሼ እንዳልገባ አፈርኩ።

ዛሬ ጧት ከአባትሽ ጋር ስናልፍ ባለፋርማሲው እንደ ልማዱ «እህሳ፣ መቶ ሃያ?» ብሎ ቀለደበት። አባትሽ ቆመ። «ወርጃለሁ» አለው። ባለፋርማሲው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ከረሜላ ከእሱ ነው። አዎ፣ ከእሱ። የጎረቤት ልጅ ከረሜላ ይዞ ደጃችን ሲያልፍ በር ይዘጋ የነበረው ሰው ነው ሄዶ የገዛው። ለመብላት አይደለም፤ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። የትኛው ዓይነት ቶሎ እንደሚቀልጥ ባለሱቁን ሲያደርቀው ቆይቶ፣ ከሁሉም ዓይነት ትንሽ ትንሽ አመጣ።

ልጄ፣ እሑድ እንደውላለን፤ አንሺው። ስንት ነው አንልሽም። በሱ ፈንታ ምን እንደምንል ግን ገና አላወቅንም። ዝም ካልን፣ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው። እዚሁ ነን።

ፈጣሪ ዓይንሽን፣ እጅሽን፣ እግርሽን ይጠብቅልኝ። የሚያጠጣሽ ሰው አያሳጣሽ። ለሳቂታዋም እድሜ ይስጥልኝ፤ እጇን ሳሚልኝ።

ተኳሿ እናትሽ