አልጠፋም ስላለው የወንድሜ ኮምፒውተር

ለተከበሩ አቶ ሩነ ሊንድማርክ
የብሮበርግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ሄርኖሳንድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ ወገብዎና የክፍልዎ ቡና ማፍያ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሌሎችም ከመልካም አሠራርዎ እንዲማሩ ብዬ ነው።

ጉዳዩ ትምህርት ቤቱ ለታላቅ ወንድሜ ለሲክስተን ያዋሰው ኮምፒውተር ነው። ሲክስተን በመጋቢት በረዶ በሆነው ባሕር ላይ የበረዶ ሞተሩን እየነዳ ሳለ በረዶው ከሥሩ ተሰብሮ ሰጥሞ ሞተ። ቢኖር ኖሮ በዚህ ሰኔ የተመራቂዎችን ነጭ ቆብ ደፍቶ ይመረቅ ነበር። ተመራቂ ኮምፒውተሩን ይመልሳል፤ እናንተም ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሳችሁ ለሌላ ትሰጣላችሁ። ደንብ ነው፤ አልከራከርም። ምስጋናዬን ብቻ ላቅርብ።

፩. ኮምፒውተሩን ይዤ ስመጣ ከእኔና ከእርስዎ በቀር ሰው ባልነበረበት ክፍል ውስጥ የወረፋ ቁጥር እንድቆርጥ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። አርባ አንድ ደረሰኝ። ተራዬን የሚጠራው ደወል እስኪጮህ ድረስ ፊት ለፊት ስንተያይ ቆየን።

፪. «በሥርዓት ተዘግቶ ያልጠፋ ዕቃ አንቀበልም» የሚለውን ሰባተኛ አንቀጽ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። ይህ ኮምፒውተር ሲዘጋ ስክሪኑ ይጨልማል፤ መብራቱ ግን እንደበራ፣ ማራገቢያውም እንዳጉረመረመ ይቀራል። ይህንኑ ስነግርዎ «አጥፍተህ አብራው!» አሉኝ። «አይጠፋም እኮ ነው የምልዎት» አልኩ። «እንግዲያው መጀመሪያ አጥፋው፣ ከዚያ አጥፍተህ አብራው። ምኑ ነው የሚከብደው፣ አንተ ልጅ?» አሉኝ። እስካሁን እያሰላሰልኩት ነው።

፫. ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ተጭኜ ሳጠፋው፣ «በግድ የጠፋ እንደጠፋ አይቆጠርም» ብለው በገዛ እጅዎ መልሰው ስላበሩት በተለይ አመሰግናለሁ።

ምክንያቱንም ቤት ወስጄ ቅንብሩን አንድ በአንድ ስፈትሽ አገኘሁት። ሲክስተን ኮምፒውተሩ ቢዘጋም እንኳ ስልክ የሚሰካበት ቀዳዳ ኃይል እንዳያጣ አድርጎ አስተካክሎታል። ለዚህ ቅንብር ያወጣለት ስም «ቫልተር ስልኩን ቻርጅ አያደርግም» የሚል ነው። ቫልተር እኔ ነኝ። እውነቱን ነው፤ አላደርግም።

ከዚህ ቅንብር ፊት ያለችውን አንዲት ምልክት ባነሳ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ይጠፋል። አላነሳኋትም። ስለዚህ በሰባተኛው አንቀጽ መሠረት ልትቀበሉኝ አትችሉም። ደንብ ነው፤ እርስዎም እንደማይከራከሩ አምናለሁ።

ስልኩ መቶ በመቶ የተሞላለት፣ የወረፋ ቁጥር አርባ አንድን በክብር ያስቀመጠው ትሑት ተማሪዎ፣
ቫልተር ኖርዲን

ማስታወሻ፦ ትናንት ከክፍልዎ ለሲክስተን በስሙ የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ቤታችን ደርሷል። ኮምፒውተሩን የተዋሰው ራሱ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም ያዛል። እናታችን ሳታየው ደብቄዋለሁ። እሱን በአካል የምታስቀርቡበት አንቀጽ ካላችሁ ግን ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ፤ ኮምፒውተሩን በዚያው ደቂቃ አጥፍቼ አመጣለሁ።